የቤት ሪል ኤል፦ በርሜሉን ከመክፈትሽ በፊት ጠጪውን ቁጠሪ

ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው፣ ሌላ የሚያነብ ሰውም እንዲገባው። እንግሊዝ አገር ሊድስ ነው የምትኖሪው፣ 23 ሊትር ቢተር (መረር የሚል የእንግሊዝ ቢራ) ጠመቅሽና ፕላስቲክ ፕሬዠር ባረል (የጋዝ ግፊት የሚችል በርሜል) ውስጥ ከ150 ግራም ስኳር ጋር ከተትሽው፣ ከዛ ኩሽና ውስጥ ቦይለሩ (የውሃ ማሞቂያው) አጠገብ አስቀመጥሽው። መጀመሪያ ስትቀጂ ብርጭቆው አረፋ ብቻ ሆነ። በሳምንቱ ጋዙ ጠፍቶ ቢራው ዝም አለ። በ12ኛው ቀን ኮመጠጠ፣ ግማሹን ደፋሽው። አሁን ከአምስት ሳምንት በኋላ የወንድምሽ ልጅ ክርስትና አለ፣ 40 ሰው አካባቢ ይመጣል፣ ፐብ (መጠጥ ቤት) ውስጥ በእጅ እየተሳበ እንደሚቀዳው አይነት ቢራ፣ ሪል ኤል የሚሉትን፣ ማቅረብ ፈልገሻል። በምን ላስቀምጠው፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ እንዴት ልቅዳው፣ ጋዝ ብጨምርበትስ ማጭበርበር ነው ወይ ነው ያልሽው።

እኔ ሼፊልድ አንድ ፐብ ምድር ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት በርሜል ሳንከባልል ኖሬያለሁ፣ ቤቴም እጠምቃለሁ፣ ስለዚህ ያንቺ አይነቱ ነገር በኔም ደርሷል። ጠመቃሽ ምንም አልሆነም እህቴ፣ የተበላሸው አቀማመጡ ላይ ነው። ሪል ኤል ሳይከፈት ሳምንታት ይቆያል፣ አንዴ ከተከፈተ ግን ዕድሜው በቀን ነው የሚቆጠረው። እና ዕቃ ከመምረጥሽ በፊት ማን ነው የሚጠጣው፣ በስንት ቀን ነው የሚያልቀው የሚለውን መልሺ፣ ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ ሪል ኤል የሚባለው ምኑ ነው "ሪል" የሚለውን እንጨርስ፣ ምክንያቱም የጋዙ ጥያቄሽ መልስ እዛ ውስጥ ነው ያለው። ቃሉን ያስፋፋው ካምራ የሚባለው የጠጪዎች ማህበር ነው፣ በ1971 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የማወራው) አየርላንድ ለእረፍት የሄዱ አራት እንግሊዛውያን የመሠረቱት። በዛን ጊዜ ትልልቆቹ ጠማቂዎች ቢራውን እያጣሩ፣ በሙቀት እርሾውን እየገደሉ፣ ኬግ (ዝግ የብረት በርሜል) ውስጥ ከተው በጋዝ እየገፉ መሸጥ ጀምረው ነበርና ሰዎቹ ኧረ የድሮው ይሻላል አሉ። የድሮው ማለት ቢራው እርሾው በሕይወት እያለ በርሜል ውስጥ ይገባል፣ እዛው በርሜሉ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ትንሽ ይፈላል፣ ከዛው በርሜል ይቀዳል፣ ከውጭ የመጣ ጋዝ አይገፋውም። በቃ ይሄው ነው። እኛ'ኮ ይሄን ነገር ስም ሳናወጣለት ስንጠጣው የኖርን ሰዎች ነን፣ ጋን ውስጥ ተመርጎ የሚቀመጥ ጠላ ምንድነው ታዲያ? እርሾው አለ፣ አተላው ከስር ይወርዳል፣ ጠላው ከላይ ይጠልላል፣ ጋኑ ከተከፈተ ደግሞ ድግሱ ነው የሚጨርሰው፣ አንድ ጋን ከፍቶ ለብቻው ሁለት ሳምንት የሚጠጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ልዩነቱ ጠላ ትንሽ ኮምጠጥ ቢል ማንም አይቀየምም፣ ቢተር ግን ከኮመጠጠ አለቀለት።

እሺ፣ ያንቺ በርሜል ምን እንደነካው አንድ በአንድ እንየው።

አረፋው የስኳሩ ነው። ቢራ ውስጥ ያለውን ጋዝ እዚህ ሰዎች በቮልዩም ነው የሚለኩት፣ አንድ ሊትር ቢራ ውስጥ ስንት ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሟሟ ማለት ነው። 20 ዲግሪ አካባቢ ፈልቶ ያለቀ ቢራ ምንም ሳትጨምሪበት ወደ 0.85 ገደማ ይዞ ይቀራል። ከዛ በላይ በሊትር 4 ግራም ስኳር ብትጨምሪ አንድ ቮልዩም ያህል ይጨምራል። አንቺ 150 ግራሙን ለ23 ሊትር ስታካፍይው በሊትር 6.5 ግራም ነው፣ ድምሩ 2.5 ቮልዩም አካባቢ ሄደ ማለት ነው፣ ያ የላገር (ቀዝቅዞ የሚጠጣው የተለመደው ቢራ) ጋዝ ነው። የፐብ ቢተር ግን ከ1.0 እስከ 1.3 ነው። ምላስ ላይ ቆንጠጥ አድርጎ የሚለቅ እንጂ አፍንጫ የሚያቃጥል አይደለም። ስለዚህ በሊትር 2 ግራም ይበቃሻል፣ ለ23 ሊትር 46 ግራም፣ በሚዛን መዝኚው፣ በማንኪያ ግምት አይሆንም። ትንሽ ውሃ አፍልተሽ አሟሚው፣ አቀዝቅዢና በርሜሉ ስር አድርጊው፣ ቢራውን ከላዩ በቱቦ ቀስ ብለሽ ስትሞዪው ራሱ ይዋሃዳል።

ሁለተኛው ቦይለሩ ነው። ጋዝ ቢራ ውስጥ የሚተኛው ሲቀዘቅዝ ነው፣ ሲሞቅ ይወጣል፣ ለስላሳ ፀሐይ ላይ ስትከፍቺ እንደሚሆነው።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ፕሬዠር ባረል መጀመሪያ የሚቀዳልሽ በራሱ ጋዝ ግፊት ነው። እየቀዳሽ ስትሄጂ ባዶው ቦታ ይሰፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ አንድ ቀን ላይ ቧንቧውን ስትከፍቺ ቢራው ይንጠባጠብና ጉልቅ ጉልቅ የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ። ሰምተሽዋል አይደል? እሱ ድምፅ በቧንቧው በኩል አየር እየጠጣ ነው። አየሩ ኦክስጅን ይዞ ይገባል፣ ከኦክስጅኑ ጋር አልኮልን ወደ ሆምጣጤ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ይመጣሉ (እነሱ ያለ አየር ምንም ማድረግ አይችሉም፣ አየር ሲያገኙ ግን ሠርጋቸው ነው)፣ ኩሽናው ደግሞ ይሞቅላቸዋል። አንቺም በየማታው አንድ ሁለት ብርጭቆ እየቀዳሽ 12 ቀን ቆየሽ። ያ ቢራ ባይኮመጥጥ ነበር የሚገርመኝ።

ፐብ ውስጥም'ኮ አየር ይገባል፣ ያውም ሆን ተብሎ። ልዩነቱ እዛ ከተከፈተ በሦስት ቀን ውስጥ መሸጥ አለበት፣ ካልተሸጠ ይደፋል። በመጀመሪያው ቀን የሚገባው ትንሽ አየር እንዲያውም ጣዕሙን ያለሰልሰዋል የሚሉ አሉ፣ እኔም እስማማለሁ፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ያለ ቢተር ከመጀመሪያው ቀን ይበልጥብኛል። አራተኛው ቀን ላይ ግን ጥሬ ፖም የሚመስል ሽታ ይመጣል፣ ከዛ ወረቀት ወረቀት ይላል፣ ከዛ ኮምጣጣ።

አሁን ወደ ዕቃው።

የእውነተኛው ፐብ በርሜል ትንሹ ፒን ይባላል፣ አራት ተኩል ጋሎን፣ 20.5 ሊትር ገደማ ነው። ፋርኪን የሚሉት እጥፉ ነው፣ 9 ጋሎን። ፒን ካገኘሽ በጣም ያምራል፣ ግን አያያዙ ልምድ ይፈልጋል። ስለሱ ትንሽ ልንገርሽ፣ ባትጠቀሚበትም ሥራው ሲገባሽ የሌላውም ይገባሻል። በርሜሉ ይጋደማል፣ እንዳይንቀሳቀስ ግራና ቀኝ ሽብልቅ ይደረግለታል። ከሆዱ ላይ ወደ ላይ የሚያይ ቀዳዳ አለው፣ በውታፍ የተደፈነ፣ ሻይቭ ይሉታል። ፊት ለፊቱ ታች ደግሞ ሌላ ትንሽ ውታፍ አለ፣ ቧንቧው እዛ ነው የሚመታው። ቢራው ሲደርስ መጀመሪያ ሻይቩ መሃል ላይ ስፓይል የምትባል የጣት ታህል እንጨት ትመቺበታለሽ። ሁለት አይነት ነች፣ ለስላሳዋ ከሸንበቆ ነገር የተሠራች አየር የምታሳልፍ፣ ጠንካራዋ ምንም የማታሳልፍ። ለስላሳዋን ስትከቺ ትርፉ ጋዝ በሷ በኩል ይተነፍሳል፣ ጫፏ ላይ አረፋ ይወጣል። አረፋውን በጨርቅ ትጠርጊዋለሽ፣ ወዲያው ከተመለሰ ገና ነው፣ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል፣ ያኔ በጠንካራዋ ትቀይሪያታለሽ። ከዛ ቢራው ተኝቶ ይጠልላል፣ ቧንቧው በእንጨት መዶሻ ባንድ ጠንካራ ምት ይገባል። ባንድ ምት ነው ያልኩት፣ ፈራ ተባ ካልሽ ቢራው ልብስሽን ያጥበዋል። እና ቧንቧው ዝግ መሆኑን ቀድመሽ እይ፣ ይሄን የምነግርሽ ክፍት ቧንቧ የመታ ሰው ስለማውቅ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐምሌ ሙቀት ላይ፣ ከመኪና ገና የወረደ በርሜል አየሁና ጉብዝናዬን ላሳይ ብዬ አለቃዬ ሳይመጣ ስፓይል መታሁበት። ምን ልበልሽ፣ ቀጥ ያለ ምንጭ ሆኖ ጣሪያ ነካ። አውራ ጣቴን ብደፍንበት በጎን በኩል ፊቴ ላይ መጣ፣ እዛው ቆሜ እያንጠባጠብኩ ሳለ ምድር ቤቱን ለረጅም ጊዜ የያዙት ሽማግሌ ወረዱ፣ አዩኝ፣ ምንም ሳይሉ ፎጣ ወረወሩልኝና ተመልሰው ወጡ። ስንት ፓይንት (የፐብ ትልቁ ብርጭቆ) እንደጠፋ እስካሁን አልነገርኳቸውም። የሞቀና የተንገላታ ቢራ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ከመኪና ሲወርድ አንድ ቀን ሙሉ ቀዝቃዛ ቦታ ያርፋል፣ ከዛ በኋላ ነው የሚነካው። ወደ ክርስትናው አዳራሽ በመኪና ስትወስጂ ይሄ ነገር ስለሚመጣ ነው የነገርኩሽ።

ኮርኒ ኬግ የሚባለው ደግሞ ድሮ ለስላሳ ይሞላበት የነበረው 19 ሊትር የሚይዘው ብረት ነው። አየር አያሳልፍም፣ ለወራት ይቆያል፣ ለብቻሽ ከሆነ የምትጠጪው እሱን ነው የምመክርሽ። ግን ጋዝ ሲሊንደር ይፈልጋል፣ እና ያው ማጭበርበር ነው ወይ ያልሽው ጥያቄ ይመጣል። እንግዲህ ሁለት ነገር ለይ። ጋዝ ቢራው ውስጥ እስኪሟሟ ድረስ በግፊት ማስገባት አንድ ነገር ነው፣ ያ ሪል ኤል አይደለም፣ ኬግ ቢራ ነው። ሌላው ግን ቢራው ሲወጣ የሚተወውን ባዶ ቦታ በአየር ፋንታ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መሙላት ነው፣ ያለ ግፊት፣ ለፐብ የተሠራው መሣሪያ ካስክ ብሪዘር ይባላል። ካምራ ይሄንንም ለብዙ ዓመት ሲቃወም ቆይቶ በ2018 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ተቃውሞውን አነሱ፣ ደግፈናልም ተቃውመናልም አንልም አሉ። የኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ ቤትሽ ውስጥ ለብቻሽ የምትጠጪውን ቢራ ከሆምጣጤ ለማዳን ትንሽ ጋዝ ብትነፊበት ማንም ፖሊስ አይመጣብሽም። ያንቺ ፕሬዠር ባረልም ክዳኑ ላይ ቫልቭ ካለው ትንሿን የጋዝ ካርትሪጅ ይቀበላል፣ ጉልቅ ጉልቁን ከመስማትሽ በፊት ጠብ ታህል ስጪው፣ በርሜሉን እስክትወጥሪው አይደለም።

ለክርስትናው ግን ጋዝም ሲሊንደርም አያስፈልግሽም። ፖሊፒን የሚባለውን ግዢ፣ ካርቶን ውስጥ የሚቀመጥ የፕላስቲክ ከረጢት ነገር ነው፣ ከስር ቧንቧ ያለው፣ የሳጥን ወይን እንደሚመጣበት። ጥቅሙ ምንድነው፣ ቢራው ሲወጣ ከረጢቱ አብሮ ይጨማደዳል፣ አየር ሚገባበት ቦታ የለም። 20 ሊትር የሚይዝ አለ፣ አንቺ ግን 10 ሊትር የሚይዙ ሁለት ግዢ። ለምን ሁለት? ቁጠሪዋ። 40 ሰው ግማሽ ፓይንት ግማሽ ፓይንት ቢቀምስ 11 ሊትር ተኩል ገደማ ነው የሚሄደው፣ ግማሹ ሰው ደግሞ አይጠጣም ወይ ወደ ውስኪው ይሄዳል። አንዱ ፖሊፒን ሳያልቅ ሁለተኛውን አትንኪው። ካልተከፈተ ቀዝቃዛ ቦታ ሳምንት ሊቆይልሽ ይችላል፣ ለመልሱ ይሆናል። ብዙ ወር ግን አይቆይም፣ ፕላስቲኩ ራሱ አየር ቀስ በቀስ ያሳልፋል።

ፖሊፒን አንድ አመል አለው፣ ውስጡ ብዙ ስኳር ካለ እንደ ኳስ ይነፋል፣ ካርቶኑን ይቀድዳል፣ ከባሰም ይፈነዳል። ስለዚህ ስኳር ጨምሮ ሁለተኛ ማፍላቱን በዛ አታድርጊ፣ በበርሜልሽ አድርጊ፣ ወደ ፖሊፒን የምታዞሪው መጨረሻ ላይ ነው።

አምስት ሳምንት አለሽ፣ እንዲህ አድርጊው። በዚህ ቅዳሜ ጥመቂ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሳው አይደል፣ ልጁ የተወለደ ሰሞን የተጀመረ ቢተር ለክርስትናው ልክ ይደርሳል፣ ልጁም ይጠመቃል ቢራውም ይጠመቃል (ሴት ብትሆን 80 ቀን ነው፣ ጠንከር ያለ ነገር ትጠምቂላት ነበር)። አስር ቀን ገደማ ይፍላ፣ ሃይድሮሜትሩ (የቢራውን ውፍረት የሚለካው) ሁለት ቀን ተከታትሎ አንድ ቁጥር ካሳየሽ አልቋል፣ 1.010 ወይ 1.012 አካባቢ ይሆናል። ከዛ 46 ግራሙን ስኳር ይዞ በርሜል ይግባ። አምስት ስድስት ቀን 18 እስከ 20 ዲግሪ ቤት ውስጥ ይቀመጥ፣ እርሾው ስኳሩን የሚበላው እዚህ ነው። ከዛ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ፣ ሁለት ሳምንት እና ከዛ በላይ፣ ሳትነካኪው። በየቀኑ እየቀዳሽ አልጠለለም ገና ነው አትበዪ፣ በቀዳሽ ቁጥር አተላውን ትቀሰቅሺዋለሽ።

ቀዝቃዛ ቦታ ሊድስ ውስጥ አይቸግርም። የድሮ ቀይ ጡብ ቤት ከሆነ ምድር ቤት ሊኖርሽ ይችላል፣ እሱ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ከሌለሽ ከደረጃ ስር፣ ወይ ጓሮ ያለው ሼድ፣ ወይ በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ መሬቱ ላይ። ቴርሞሜትር አስቀምጪና ጠዋትም ማታም እይው፣ አንድ ቀን 8 አንድ ቀን 19 ከሆነ አይሆንም። ቦታው ሞቅ ካለ እርጥብ ፎጣ አልብሺውና የፎጣውን ጫፍ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ንከሪው፣ ውሃው ሲተን ያቀዘቅዘዋል፣ እንስራ ውሃ ለምን ቀዝቃዛ እንደሚሆን ታውቂ የለ፣ እሱ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ግን አታስገቢው፣ በ4 ዲግሪ እርሾው ይተኛል፣ ቢራውም ቅዝቃዜ ይዞት ጭጋግ ይሠራል፣ ጣዕሙም ይደበቃል።

ስለመጥለል ደግሞ። ፐቦች ውስጥ ኢሲንግላስ የሚባል ነገር ይጨመራል፣ እርሾውን ሰብስቦ ወደ ታች የሚያወርድ፣ ባንድ ሁለት ቀን ቢራውን እንደ ብርሌ ጠጅ ያበራዋል። ከምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ? ከዓሣ የመንሳፈፊያ ከረጢት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ክርክር ውስጥ አልገባም፣ ግን እንግዶችሽ ውስጥ የሚጠነቀቅ ካለ ወይ ቪጋን ካለ ማወቅ አለበት። ደግሞ ሙቀት አይወድም፣ ከ20 ዲግሪ በላይ ከሄደ ይበላሻል። እኔ ቤቴ ትቼዋለሁ። ሦስት ሳምንት ዝም ብሎ የተቀመጠ ቢራ ራሱ ይጠልላል፣ ጥሩ የሚወርድ የእንግሊዝ እርሾ ከሆነ የተጠቀምሽው ደግሞ ምንም አይቀረውም።

የክርስትናው ጠዋት (ወይ ዋዜማው ማታ) እንዲህ አድርጊ። ፖሊፒኖቹን እጠቢና ጀርም ማጥፊያው ውስጥ አሳልፊያቸው፣ በእጅሽ ተጭነሽ አየሩን ሙልጭ አድርገሽ አስወጪ። የበርሜሉን ቧንቧ ከፖሊፒኑ ጋር በቱቦ አገናኚ፣ ቱቦው ከረጢቱ ስር ድረስ ይግባ፣ ከላይ እየተንቦጫረቀ እንዳይወርድ። በርሜሉን ሳታንቀሳቅሺ ቢራውን ቀስ ብለሽ አውርጂው። ቱቦውን ከማገናኘትሽ በፊት ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ብርጭቆ ድፊው፣ ቧንቧው ውስጥ የተኛ አተላ ነው። የመጨረሻውን ሁለት ሦስት ሊትር በርሜሉ ውስጥ ተይው። እንዲህ ስታደርጊ ወደ አዳራሽ የምትወስጂው አተላ የሌለው ቢራ ስለሆነ መኪና ቢያንገላታውም አይደፈርስም። እዚህ ፐቦች ለዝግጅት ሲልኩ የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው። ዋጋው ግን እርሾውን ትተሽው ስለመጣሽ የሚጠብቀው የለም፣ የከፈትሽውን በዛው ቀን ጨርሺው። በጉዞ ትንሽ ጋዝ ይቀንሳል፣ ለዚህም ነው ከመነሻው ቀዝቃዛ እያለ ማዞር ያለብሽ።

አዳራሹ ውስጥ ፖሊፒኑን ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አድርጊው፣ ከስሩና ከጎኑ አይስ ፓክ፣ ከላዩ እርጥብ ፎጣ። ከኩሽናው እና ከእንጀራ ማሞቂያው ራቅ ይበል። ብርጭቆው ንጹህ ይሁን ስልሽ ሳሙና ያልቀረበት ማለቴ ነው፣ የሳሙናና የቅባት ትራፊ አረፋን ይገድላል፣ ቁርጥ የነካ እጅ የያዘው ብርጭቆም እንዲሁ። ብርጭቆውን ዘንበል አድርገሽ ጀምሪ፣ ግማሽ ሲሆን ቀና አድርጊው።

በእጅ የሚሳበውን ፓምፕ አንስተሻል። ጆሴፍ ብራማ የሚባል እንግሊዛዊ ነው በ1797 ፓተንት ያወጣበት፣ እስካሁንም ያው ነው፣ ከምድር ቤት ቢራ የሚስብ ፒስተን፣ ባንድ ስበት ግማሽ ፓይንት ገደማ የሚያወጣ። ያገለገለ ተገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ይታሰራል፣ እኔም አንድ አለኝ፣ ግን ለአንድ ቀን ድግስ ዋጋውም ማጠቡም አያዋጣሽም። ሰው የሚወድለት ያን ወፍራም ክሬም የመሰለ አረፋ ነው፣ እሱን ደግሞ የሚሠራው አፉ ላይ የሚጠለቅ ወንፊት ነገር ነው፣ ስፓርክለር። እዚህ ዮርክሻየር፣ ሊድስም ሼፊልድም ያሉበት አውራጃ፣ ውስጥ ያለ እሱ ቢራ አይጠጣም፣ ደቡብ ወርደሽ ብትጠይቂ ጋዙን ያባክናል ብለው ይቆጡሻል፣ ሁለቱም ወገን ልክ ነው። ያለ ፓምፕ ለመሥራት ዘዴ አለ፣ ከፋርማሲ መርፌ የሌለው አዲስ ሲሪንጅ ግዢ፣ ከተቀዳው ብርጭቆ ላይ ትንሽ ቢራ ሳቢና በኃይል መልሰሽ እዛው ርጪው። አረፋው ሲነሳ ራስሽ ትስቂያለሽ፣ ልጆቹ ተራ ይይዙልሻል።

እንግዶችሽ "ሞቃል" ይሉሻል፣ ተዘጋጂ። እኛ ቢራ ማለት ጠርሙሱ ላብ አውጥቶ የሚመጣ ነገር ነው ብለን ነው ያደግነው። በ12 ዲግሪ ሲመጣ ሰው የተረሳ ይመስለዋል። ከመቅዳትሽ በፊት "ይሄ እንደ ጠላ ነው፣ በረዶ አይወድም" በያቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ለትልልቆቹ መጀመሪያ ግማሽ ቅጂላቸው። ሽያጭ ደግሞ እንዳታስቢ፣ አዳራሽ ኪራይ ለማካካስ ብለሽም ቢሆን። እዚህ አገር ቤት መጥመቅ ከ1963 ጀምሮ ያለ ፈቃድና ያለ ቀረጥ የተፈቀደው ለራስና ለቤተሰብ ለጓደኛ እስከሆነ ድረስ ነው፣ ብር ከተቀበልሽበት ሌላ ሕግ ነው።

ያ የኮመጠጠው በርሜልሽን በተመለከተ፣ ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ፍቺው፣ ችግሩ ሁሌም እዛ ነው የሚደበቀው፣ ጎማዋ ስር ቡኒ ልሙጥ ነገር ካገኘሽ አትገረሚ። ጎማዎቹን ቀይሪ፣ በርሜሉን በፐርካርቦኔት (የማጠቢያ ዱቄት ነው) ሙቅ ውሃ ሌሊቱን ዘፍዝፊው፣ በሽቦ አትፈትጊው ጭረቱ ውስጥ ባክቴሪያ ይቀመጣል። እናቶቻችን ጋኑንና እንስራውን በወይራ የሚያጥኑት ለሽታው ብቻ አልነበረም፣ ፕላስቲክ ግን አይታጠንም፣ ወይራሽን ለጠላ አስቀምጪው። ታጥቦ ደርቆ ከተዘጋ በኋላ በማግስቱ ስትከፍቺው ሆምጣጤ ከሸተተሽ ለዚህ ድግስ አትጠቀሚበት፣ አዲስ ግዢ። ከደፋሽው የተረፈ ካለ ግን ጠርሙስ ውስጥ ከተሽ አፉን በሻሽ ሸፍነሽ ወር ሁለት ወር ተይው፣ ለቺፕስ የሚሆን ሆምጣጤ ይወጣዋል።

አንድ ነገር ረሳሁ። ወደ በርሜል ስታስገቢ አንድ ሁለት ሊትር ለይተሽ ጠርሙስ ሙይ፣ ስኳሩ ከገባ በኋላ፣ በየግማሽ ሊትሩ ሩብ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሪና ክደኚ፣ እነሱም ከበርሜሉ ጋር ይቀመጡ። ከድግሱ ሳምንት በፊት አንዱን ክፈቺ። ጣዕሙ ጥሩ ከሆነ በርሜሉን ሳትነኪ ልብሽ ትንሽ ያርፋል። ከኮመጠጠ ደግሞ የበርሜሉም ቢራ ተበክሎ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ሱቅ ሄደሽ ቢራ ለመግዛት ገና ሳምንት አለሽ።